ጌሙ ወዳለበት

በ1995 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 95ን ለማስተዋወቅ ባሠራው ቪዲዮ ውስጥ ቢል ጌትስ ጥቁር ካፖርት ለብሶና ጠመንጃ ይዞ በ«ዱም» ጌም ጭራቆች መካከል ብቅ ይላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀልድ ይመስላል እንጂ የያዘው ጉዳይ የንግድ ነበር። ያን ጊዜ ጌም መጫወት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ከዊንዶውስ ወጥቶ ወደ አሮጌው ስርዓተ ክወና ወደ ዶስ ይመለስ ነበር።

ዶስ ደግሞ ምቾት አያውቅም። ፕሮግራሞች እንደ ልብ የሚያገኙት የማስታወሻ ቦታ 640 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር፣ ተጫዋቹ የማስነሻ ፋይሎችን በእጁ እያስተካከለ፣ አንዳንዴም ለአንድ ጌም ብቻ የተለየ ማስነሻ ፍሎፒ እያዘጋጀ ቦታ ያብቃቃል። የድምፅ ካርዱ የሚጠቀምበትን የመስመር ቁጥር ካልነገረው ጌሙ ዲዳ ነው። ይህ ሁሉ መከራ እያለ ግን ተጫዋቹ ዶስን አልለቀቀም፤ ዶስ በጌሙና በማሽኑ መካከል አይገባማ። ዊንዶውስ ይገባል፣ ያዘገያልም።

በ1994 የገና ሰሞን የሆነው ነገር በዊንዶውስ ላይ የነበረውን ጥርጣሬ አባሰው። ዲዝኒ «ዘ ላየን ኪንግ»ን መሠረት አድርጎ ለዊንዶውስ ያወጣው የልጆች ፕሮግራም በኮምፓክ ፕሬሳሪዮ ኮምፒውተሮች ላይ አልሠራ አለ። ፕሮግራሙ የተማመነበት የማይክሮሶፍት የግራፊክስ መሣሪያ በእነዚያ ማሽኖች ካለው የቪዲዮ ድራይቨር ጋር አልተስማማም ነበር። ስጦታው የተበላሸባቸው ወላጆች ቅሬታ ጎረፈ። ብዙም ሳይቆይ አሌክስ ሴንት ጆን፣ ክሬግ አይስለርና ኤሪክ ኢንግስትሮም የተባሉ የማይክሮሶፍት ሠራተኞች ዳይሬክትኤክስን ይዘው መጡ። ጌም ሠሪው የካርዱን ዓይነት ሳያውቅ በአንድ ቋንቋ ያዝዛል፤ ዳይሬክትኤክስ ለካርዱ ያደርሳል። መስከረም 1995 ላይ ወጣ፤ በጥቂት ዓመታትም ዶስ ተረሳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገላብጦ ሰንሰለት ሆነ። በዳይሬክትኤክስ የተጻፈ ጌም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ተጫዋቹ ዊንዶውስን ወደደውም ጠላውም አብሮት ይኖር ነበር። አፕልም ቢሆን ተስፋ ያደረገበትን አጥቷል። በ1999 ስቲቭ ጆብስ በማክዎርልድ መድረክ ላይ «ሄሎ» የተባለውን ጌም በኩራት አሳይቶ ነበር፤ በዓመቱ ማይክሮሶፍት የጌሙን ሠሪ ባንጂን ገዛውና «ሄሎ» የጌም ማሽኑ የኤክስቦክስ ማሻሻጫ ሆኖ አረፈው።

ሊኑክስ በተባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ወገን ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሞከረው ስኮት ድሬከር በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቋቋመው ሎኪ ሶፍትዌር ነው። የታወቁ ጌሞችን መብት እየገዛ፣ ለሊኑክስ እያስማማ ይሸጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ጎበዞች ነበሩ። ስሌቱ ግን አያዋጣም፦ ገበያው ትንሽ ነው፤ ጌሙም ለሊኑክስ እስኪደርስ የቸኮለው ሰው የዊንዶውሱን ገዝቶ ጨርሶታል። ኩባንያው በ2001 ኪሳራ አውጆ በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። የሎኪ ፕሮግራመር የነበረው ሳም ላንቲንጋ የጻፈው ኤስዲኤል የተባለ የጌም መሥሪያ ኮድ ግን እስከ ዛሬ ስንቱ ጌም ውስጥ አለ!

ሌላው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በ1993 የተጀመረው ዋይን የተባለ ሶፍትዌር፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ ሊኑክስ ወደሚገባው ይለውጠዋል። ቁጥር 1.0 ለመባል 15 ዓመት ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት አንድን ጌም በዋይን ማስነሳት ራሱ ከጌሙ የከበደ ጨዋታ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ነገሩን ያፈጠነው የቀድሞ የማይክሮሶፍት ሰው ነው። ጌብ ኒውዌል «ዱም»ን ወደ ዊንዶውስ 95 ያመጣውን ቡድን መርቶ፣ በ1996 ከኩባንያው ወጥቶ ከማይክ ሃሪንግተን ጋር ቫልቭን መሠረተ። የቫልቭ ስቲም የጌም መደብር በ2003 ሥራ ጀመረ። በ2012 ዊንዶውስ 8 የራሱን መደብር ይዞ ሲመጣ ኒውዌል የደረሰበት፣ በሰው ግቢ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው አከራዩ እዚያው በር ላይ ሱቅ ሲከፍት የሚሰማው ስጋት ነው። ዊንዶውስ 8 ለፒሲው ዓለም ሁሉ ጥፋት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቫልቭ «ሌፍት ፎር ዴድ 2» በሊኑክስ በሰከንድ 315 ፍሬም፣ በዊንዶውስ 7 ደግሞ 270.6 ፍሬም እንዳሳየ አስታወቀ። ሙከራው ሲጀመር የሊኑክሱ 6 ፍሬም ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ በ2015 የወጡት ሊኑክስ የተጫነባቸው ስቲም ማሽኖች ገበያ አላገኙም። ጌም ሠሪዎችን ለሊኑክስ እንደገና ጻፉ ብሎ መጠየቅ ሎኪን የጣለውን ያንኑ የማያዋጣ ስሌት መድገም ነበርና ብዙዎቹ አልጻፉም።

በነሐሴ 2018 ቫልቭ ይህን ጥያቄ ተወው። ፕሮቶን የተባለው ሶፍትዌር ዋይንን፣ ፊሊፕ ሬቦሌ «ኒር፦ ኦቶማታ»ን በሊኑክስ ለመጫወት ፈልጎ ከጀመረው ዲኤክስቪኬ ጋር አጣመረ። ዲኤክስቪኬ የዳይሬክትኤክስን ትእዛዝ ሊኑክስ ወደሚገባው የግራፊክስ ቋንቋ፣ ወደ ቩልካን ይቀይራል። መጀመሪያ የተፈቀዱት ጌሞች 27 ነበሩ፤ ከዚያ በሺህ ይቆጠሩ ጀመር። በየካቲት 2022 በ399 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ የቀረበው በእጅ የሚያዝ ስቲም ዴክ የሚሠራው በሊኑክስና በዚሁ ፕሮቶን ነው። ከገዙት ውስጥ ብዙዎቹ ሊኑክስ መግዛታቸውን ልብ ያሉት አይመስልም፤ የሎኪ ሰዎች ያልታያቸው ዘዴም ይኸው ነው።

ማይክሮሶፍትም ሳያስበው ሊኑክስን ረድቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ገና ጤነኛ የሆኑ ብዙ ኮምፒውተሮችን በር ላይ አስቀራቸው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አበቃ። በዚያው ወር በስቲም የዳሰሳ ጥናት ላይ የሊኑክስ ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ 3 በመቶን አለፈ።

ያልተፈታው ማጭበርበርን የሚከላከሉ ፕሮግራሞች ጉዳይ ነው። «ቫሎራንት» የሚጠቀምበት ቫንጋርድ የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ስለሚገባ በፕሮቶን አይታለፍም። «ፎርትናይት»ም አይሠራም። ሊኑክስ ላይ ይሠራ የነበረው «ኤፔክስ ሌጀንድስ» እንኳ አጭበርባሪዎች በዝተዋል ተብሎ በ2024 መገባደጃ በሩን ዘጋ። ስለዚህ ጓደኞቹ «ቫሎራንት» የሚጫወቱ ሰው ዊንዶውስን ቢሰናበትም እንኳ ለቅዳሜ ማታ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል።