የአፈር መደገፊያ ግንብ የመደርመስ ምልክቶችና የጥገና አሠራር

በተዳፋት ቦታ የሚገኙ በርካታ የመኖሪያ ግቢዎች አፈራቸው እንዳይናድ የሚጠበቁት በድንጋይ በተሠራ መደገፊያ ግንብ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ግንብ መደርመስ ዋነኛው ምክንያት ከጀርባው ተጠራቅሞ መውጫ ያጣ ውኃ ነው። 2 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጀርባው እስከ አናቱ ውኃ ቢይዝ፣ ከአፈሩ ግፊት በተጨማሪ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ላይ 2 ቶን ገደማ የውኃ ግፊት ያርፍበታል። ጥቁር መረሬ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ አደጋውን ያከብደዋል።

የአደጋ ምልክቶች

• በቱንቢ ሲለካ ግንቡ ወደ ውጭ ማዘንበሉ ወይም መሐሉ ማበጡ፤
• እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ መታየቱ፤
• ከግንቡ በላይ ያለው መሬት በግንቡ አቅጣጫ መሰንጠቁ ወይም መስረጉ፤
• ከዝናብ በኋላ የማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ደርቀው ውኃው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ መውጣቱ፤
• የመሠረቱ አፈር በጎርፍ መሸርሸሩ።

ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይገባል። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ እየተንቀሳቀሰ ነው። ስንጥቁን በስሚንቶ መለሰን ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ችግሩን አያስወግድም፤ ልስኑ ማስተንፈሻዎቹን ከደፈነም ያባብሰዋል።

አስቸኳይ ርምጃ

ግንቡ በድንገት ካዘነበለ ወይም ድንጋይ መጣል ከጀመረ፣ ከላይም ከታችም ያሉ ነዋሪዎች ወዲያውኑ ከአካባቢው መራቅ አለባቸው። በአዲስ አበባ በ939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን፣ በሌሎች ከተሞች የአካባቢውን አስተዳደር ወይም ፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የጥገና ቅደም ተከተል

1. የጣሪያ አሸንዳ፣ የቧንቧና የፍሳሽ ውኃ ወደ ግንቡ ጀርባ እንዳይገባ በቦይ ማስቀየስ።
2. የተደፈኑ ማስተንፈሻዎችን መጥረግ።
3. ግንቡ ካዘነበለ ወይም ካበጠ በባለሙያ ማስመርመር። ያዘነበለን ግንብ ገፍቶ ማቃናት አይቻልም።
4. መልሶ መገንባት ካስፈለገ በቅድሚያ ከጀርባው ያለውን አፈር ማቅለል፣ ቀጥሎም ግንቡን ከላይ ወደ ታች በየክፍሉ ማፍረስ። በምንም ሁኔታ ከሥሩ መቆፈር አይገባም።
5. አዲሱን ግንብ በጠንካራ መሬት ላይ መመሥረት፣ ከጀርባው ጠጠር መሙላትና ማስተንፈሻ ቱቦዎችን ወደ ውጭ አዘቅዝቆ ማስገባት።

ሥራው በደረቁ ወቅት፣ ክረምት ሳይገባ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ባለይዞታው ግንቡን ከማፍረሱ ወይም መልሶ ከመገንባቱ በፊት የአካባቢውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ ግንቡ የወሰን ከሆነም ከጎረቤቱ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል።