በጅቡቲ የሸንጎ ቤት ደጃፍ

የመምህር ተግባር ሌላውን ማስተማር ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጁ የጻፈውን የትምህርት ማስታወሻ መልሶ መመርመርና የተሳሳተውን ማረምም ይገባዋል። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ፥ በአንድ የዕረፍት ወራት በአዲሱ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርጄ እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ ስዘዋወር ያገኘሁት ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በመምህራን ማሠልጠኛው ትምህርት ቤት ስለ ምድር ባቡር ታሪክ በማስተምርበት ጊዜ፥ «በጅቡቲ ከተማ እምብርት በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራ አደባባይ ነበረን፤ በ1969 ዓ.ም. ስሙን ነጠቁን» የሚል ቃል በማስታወሻዬ ላይ አስፍሬ ነበር። ተማሪዎቼም ይህን እየጻፉ ነገ ወደሚያስተምሩባቸው ትምህርት ቤቶች ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ከተማዪቱን ያስጎበኘኝ አማርኛ አጣርቶ የሚናገር አንድ የአገሩ መምህር ነበር። አደባባዩ ስንደርስ፥ ቅስት በረንዳ ባላቸው ነጫጭ ሕንጻዎች መካከል ቆሜ ቅሬታዬን ገለጽሁለት። እርሱም ቅር ሳይለው፥ «መምህር፥ አስቀድመን የሸንጎውን ቤት እንይ፤ መልሱ እዚያ ነው» አለኝ።

የሸንጎው ቤት የሚገኝበት ስፍራ በላጋርድ ስም የሚጠራ አደባባይ ነው፤ የሸንጎው አድራሻም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ስም ሲጻፍ ኖሯል። ሌዎንስ ላጋርድ ማለት የፈረንሳይን ግዛት መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ያዛወረው፥ በ1889 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወሰን ውል የተዋዋለው፥ ከንጉሠ ነገሥቱም የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕርግ የተቀበለው አገረ ገዥ ነው። ከውሉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እኛ ይህን ታሪክ የምናውቀው ከንጉሥና ከአገረ ገዥ ወገን ነው፤ የከተማው ተወላጅ ግን በውሉ ጊዜ ድምፅ አልነበረውም።

ድምፁንም ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንደራሴዎች ምክር ቤት ለፈረንሳይ ዜጎችና ለተወላጆች በሁለት ክፍል የተለየ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ሁሉም በአንድነት የመረጡት የግዛቱ ሸንጎ ተተካ፤ የመንግሥቱ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትም ማሕሙድ ሐርቢ ሆነ። ሐርቢ መስከረም 18 ቀን 1951 ዓ.ም. በተደረገው ውሳኔ ሕዝብ ከፈረንሳይ መለየትን ደግፎ ተሸነፈ፤ በ1953 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ሁለተኛ ውሳኔ ሕዝብ ተደርጎ ግዛቱ በፈረንሳይ ሥር ቀረ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የእኛ መንግሥት፥ ፈረንሳይ ብትለቅ ጅቡቲ ለእኔ ይገባኛል ብሎ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። በመጨረሻ ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ሕዝቡ ነጻነትን መረጠ፤ 65 እንደራሴዎችም ተመረጡ። ሰኔ 20 ቀን የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ አደባባዩም የተሰየመው በዚህች ቀን ነው።

ጓደኛዬ ይህን ከተረከልኝ በኋላ፥ «ጣልያኖች በአዲስ አበባ የተከሉት ስም ከድል በኋላ እንዲጸና ትፈቅዱ ኖሯል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከቶ አንፈቅድም!» አልሁት። ቃሉን ከአፌ ሳልጨርስ ግን ፒያሳ፥ መርካቶና ካዛንቺስ ትዝ አሉኝና ዝም አልሁ። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «እኛም ያለነው በላጋርድ አደባባይ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ከልብ ሳቅን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጸልኝ። ስም አንዳንዴ በልማድ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሕዝብ የራሱን ቀን ሊያስብበት ሲፈልግ ይለወጣል። የምኒልክን ስም በዚያ አደባባይ የተከለው የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር እንጂ የከተማው ሕዝብ አልነበረም፤ ስለዚህ ያልሰጠውን ነጠቀ ማለት አይቻልም። የንጉሠ ነገሥቱም ክብር በባዕድ ከተማ ሰሌዳ የሚጸና፥ በሰሌዳውም መውረድ የሚጎድል አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲታወጅ የተሰማንን ኩራት ተማሪዎቻችን እንዲረዱት የምንሻ ከሆነ፥ ጎረቤታችንም በሸንጎው የሚሰማውን ኩራት እንዲያከብሩ ልናስተምራቸው ይገባል። የራሱን ነጻነት እያሞገሰ የጎረቤቱን እንደ ጉዳት የሚቈጥር ትውልድ፥ ነጻነት ምን እንደ ሆነ ገና አልተማረም።

ወደ ትምህርት ቤቴ እንደ ተመለስሁ የቀድሞውን ቃል በቀይ ቀለም ሰረዝሁት። በምትኩ የጻፍሁት ይህ ነው፤ «በጅቡቲ ከተማ አስቀድሞ በምኒልክ ስም ይጠራ የነበረ አደባባይ አለ፤ በ1969 ዓ.ም. የአገሩ ሕዝብ ነጻ ስለ ወጣ፥ በነጻነቱ ቀን ሰየመው።» ማስታወሻዬን ለተማሪዎቼ ባነበብሁላቸው ጊዜ፥ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበረ አልሸሸግኋቸውም።