የዓይን ቀለም ውርስ፦ በአንድ ጥንድ ዘረመል ያልተፈታ ጥያቄ

ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ባልና ሚስት ቡናማ ዓይን ያለው ልጅ ሊወልዱ አይችሉም የሚለው ትምህርት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲነገር ኖሯል። ከቀደምት ምንጮቹ አንዱ ገርትሩድና ቻርልስ ዳቬንፖርት የተባሉ አሜሪካውያን ባለትዳሮች በ1907 (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያሳተሙት ጥናት ነው። ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘውን ሕግ ወደ ሰው ዓይን አመጡትና ቡናማው ገዢ፣ ሰማያዊው ተሸሻጊ ተባለ። ለማስተማር የሚመች ስለነበር ሥር ሰደደ። ጉዳቱ ግን ከንድፈ ሐሳብ ያልፋል፤ የልጅን ዓይን አይቶ አባትነትን መጠርጠር ሳይንሳዊ አስመስሏልና። ቻርልስ ዳቬንፖርት ከዚያ በኋላ «የሰውን ዘር እናሻሽል» የሚለው የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ የአሜሪካ መሪ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ውስብስብ የሰው ባሕርይን በአንድ ዘረመል መተርጎም የአስተሳሰቡ መሠረት ነበር።

በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል፣ አይሪስ፣ ከኋላው ስስ ንብርብር አለው። አልቢኒዝም ካለበት ሰው በስተቀር ይህ ንብርብር በማንኛውም ሰው ዓይን ሜላኒን በተባለው ቀለም የጠቆረ ነው። ልዩነቱ የሚፈጠረው ስትሮማ በሚባለው የፊተኛው ክፍል ነው። እዚያ ሜላኒን የሚያመርቱት ህዋሶች፣ ሜላኖሳይቶች፣ ቁጥራቸው በቡናማውም በሰማያዊውም ዓይን ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው በውስጣቸው የሚያከማቹት ሜላኒን ነው። ሰማያዊ ዓይን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ፈጽሞ የለም። ሜላኒኑ ሲያንስ የስትሮማ ጥቃቅን ክሮች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን በትነው ይመልሱታል፤ ረጅሙን ሞገድ ደግሞ የኋላው ጥቁር ንብርብር ይውጠዋል። ለተመልካች የሚደርሰው ሰማያዊው ብቻ ይሆናል።

ሜላኒኑን የሚያሳንሰው ምንድን ነው? በክሮሞዞም 15 ላይ ኦሲኤ2 የተባለ ዘረመል አለ። ከእርሱ የሚገኘው ፕሮቲን ሜላኒን የሚመረትበትን ከረጢት፣ የሜላኖሶምን፣ አሲድነት ይቀንሳል፤ ታይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራውን በሚገባ የሚሠራው አሲዱ ሲቀንስ ነውና። ተመራማሪዎች ለዓመታት የሰማያዊ ዓይንን ምክንያት በዚሁ ዘረመል ውስጥ ፈለጉ። በ2008 የዴንማርክ፣ የአውስትራሊያና የኔዘርላንድስ ቡድኖች በየፊናቸው ያገኙት መልስ ግን ጎረቤቱ ከሆነው ኸርክ2 ዘረመል ውስጥ፣ ለፕሮቲን መሥሪያ ከማያገለግል ክፍል ወጣ። የአንዲት የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ነው፤ «ኤ» በነበረበት ቦታ «ጂ» ገብቷል። በ2012 ሮተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች አሠራሩን አሳዩ። ይህ የዲኤንኤ ቦታ ከ21 ሺህ ፊደላት ርቀት ታጥፎ የኦሲኤ2ን መነሻ ይነካና ምርቱን ያነቃቃል። «ጂ» ሲገባ ግን እጥፋቱን የሚያግዙት ፕሮቲኖች በደንብ አይያያዙም፤ ምርቱም ይቀንሳል።

በእኔ ግምት በዚህ የጥናት መስክ ከተገኙት ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። የሰማያዊ ዓይን ባለቤት ኦሲኤ2 አልተበላሸም፤ በአይሪስ ውስጥ ዝግ ብሎ ይሠራል እንጂ። ዘረመሉ ራሱ ሲጎድል ውጤቱ ፍጹም ሌላ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች በብዛት የሚታየው የአልቢኒዝም ዓይነት የሚመጣው ከዚሁ ከኦሲኤ2 ጉድለት ሲሆን፣ ቆዳን፣ ፀጉርንና የማየት ኃይልን በአንድነት ይነካል።

ይሁንና ያቺ አንዲት ፊደልም ብቻዋን አትወስንም። ከሁለቱም ወላጆች «ጂ»ን ወርሰው ዓይናቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች አሉ። በ2021 የታተመና ወደ 195 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከዓይን ቀለም ጋር የተያያዙ 61 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ወላጆች ቡናማ ዓይን ያለው ልጅ መወለዱ እንግዲህ ጥቂት ጊዜ ቢያጋጥምም ሥነ ሕይወታዊ እንቆቅልሽ አይደለም።

የሚያስቆጨኝ የዚህ የጥናት መስክ ሚዛን ነው። መረጃው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተሰበሰበ ስለሆነ ሰማያዊው፣ አረንጓዴውና ግራጫው በጥንቃቄ ሲመደቡ፣ የዓለም አብዛኛው ሕዝብ «ቡናማ» በሚል አንድ ስም ታጭቆ ቀርቷል። ከማር መሰሉ እስከ ጥቁር ድረስ ያለው ሰፊ ልዩነትም ውርስ አለው። በ2017 የኢትዮጵያ፣ የታንዛኒያና የቦትስዋና ሰዎች የተካተቱበት ትልቅ የቆዳ ቀለም ጥናት ይኸው የኦሲኤ2ና የኸርክ2 አካባቢ በአፍሪካውያን ቆዳ ላይም ተጽዕኖ እንዳለው አሳይቷል። ያን ያህል ጥረት ለአይሪስም ይገባዋል፤ የቡናማን ደረጃ በፎቶግራፍ በቁጥር መለካት ዛሬ አዳጋች አይደለም።

ወላጆቹ ቡናማ ዓይን ያላቸው አፍሪካዊ ሕፃን ደማቅ ሰማያዊ ዓይን ይዞ ሲወለድ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ዋርደንበርግ በሚባለው የውርስ ሕመም ፓክስ3ን፣ ሚትፍን ወይም ሶክስ10ን የመሰሉ ዘረመሎች ሲታወኩ፣ ሜላኖሳይቶች በፅንስ ጊዜ ከመነሻቸው ተጉዘው ወደ ቦታቸው በበቂ አይደርሱም። እነዚህ ህዋሶች ለውስጠኛው ጆሮም አስፈላጊ ናቸው፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ልጆች መስማት የተሳናቸው ሆነው ይወለዳሉ። የዓይኑ ውበት ብዙ ሰውን ያስደንቃል፤ ይሁንና እንዲህ ያለ ሕፃን ቋንቋ የሚለምድበት ጊዜ ሳያልፍ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።