ከባሕረ ሐሳብ እስከ ካልኩሌተር

ደረስጌ ማርያም ስትነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ዘውዱ ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው አሠሯት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ደጃች ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ሆነች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 6 ነው። ዘውዱ የተጫነው እንግዲህ ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። በምን አወቅህ ለምትሉኝ፣ በባሕረ ሐሳብ ነው።

5500 እና 1847 ሲደመሩ 7347 ይሆናሉ። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት 12፣ ወንበር። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 22። ነነዌ ጥር 22፣ ከ14 ቀን በኋላ ዐቢይ ጾም። የአብነት ተማሪ ይህን በጣቱ ይቆጥረዋል። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ተሳስተሃል። ሒሳቡ ራሱ ይቆጣሃል።

ይህን ያነሳሁት ደባርቅ ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወጣት ስላጫወተኝ ነው። ሲኤፍኤ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ፈተና ይዘጋጃል። ፈተናው የሚፈቅደው ሁለት ዓይነት ካልኩሌተር ብቻ ነው፦ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኤ 2 ፕላስ እና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችፒ 12ሲ፣ ከነተሻሻሉ ዓይነቶቻቸው። «ጋሼ፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የትኛውን ይላክልኝ?» አለኝ።

ኤችፒው የእኩል ይሆናል ምልክት የለውም። መጀመሪያ ቁጥሮቹን፣ ከዚያ መደመር ማባዛቱን ትነግረዋለህ። የለመደው ሰው አይለቀውም፤ ያልለመደው ግን ይደናበራል። ቢኤው ለጀማሪ ይቀላል፤ ግን እሱም አመል አለው። ከፋብሪካ እንደወጣ 2 ሲደመር 3 ሲባዛ 4 ብትሉት 20 ይላችኋል፤ ቅደም ተከተሉን ካስተካከላችሁለት ደግሞ 14። ሁለቱንም ሲናገር ፊቱ አይለወጥም። እንደ ባሕረ ሐሳብ «30 አልሞላም» ብሎ የሚቆጣ ነገር የለውም። ቁጣው የሚመጣው ውጤት ሲለጠፍ ነው፤ ያኔ ደግሞ በዶላር የተከፈለው የፈተና ዋጋ አብሮ ሄዷል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነበር። ቢኤውን ያስልክ፤ ዛሬውኑ ያስልክ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው የተገዛ ማሽን፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ እንግዳ ነው። በእጁ ሲገባም የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በወረቀት ሠርቶ ከማሽኑ ጋር ያመሳክር። የደረስጌ ደብተራ ከልጅነቱ የተማረው መደመርና መግደፍን ብቻ አልነበረም፤ መልሱን መጠራጠርንም ጭምር እንጂ። ይህንን የሚሠራልን ቁልፍ እስካሁን አልተፈለሰፈም።