ከወረቀት ወደ ድምፅ፦ የአንድ ራዲዮ ጣቢያ ውሎ

 

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ራዲዮ ስትሰሙ፣ የሚናገረው ሰው ሁሉን ነገር በቃሉ ይዞ የሚያወራ ይመስላችኋል? ማንበብ ሳንችል ለብዙዎቻችን እንደዚያ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በራዲዮ ከምንሰማው ብዙው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ይኸው እኔም የማናግራችሁ ከወረቀት እያነበብኩ ነው።

ዛሬ አንድ የራዲዮ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ሌሊት ምን ሲያሰማ እንደሚውል እናያለን። ጣቢያው የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ስሙም ራዲዮ 4 ይባላል። ዘፈን እምብዛም አያሰማም። ሥራው ንግግር ነው፤ ዜና፣ ውይይት፣ ድራማ፣ የአየር ሁኔታ። የሩቁን አገር ጣቢያ የመረጥኩት፣ ፕሮግራሞቹ ረጅም ዕድሜ ስላላቸውና እያንዳንዱ ለምን እንደተጀመረ ስለሚታወቅ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ሰዓቱን ግን እንደኛው፣ ከንጋት ጀምሬ እቆጥራለሁ።

ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ ራዲዮ ሥራ የጀመረው በ1922 ነው። በመስከረም 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ጣቢያዎቹ ተጠቃለው «የአገር ውስጥ አገልግሎት» የሚባል አንድ ጣቢያ ተቋቋመ። በ1967 ስሙ ተለውጦ ራዲዮ 4 ተባለ።

እንግዲህ ጠዋት ነው እንበል። 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ራዲዮው ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፤ ስድስት ጊዜ። የመጨረሻው ረዘም ይላል። ሰዓቱ የሚሞላው ያ የመጨረሻው ሲጀምር ነው። ይህ ምልክት የተጀመረው በ1924 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚመጣው ግሪንዊች ከሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ቦታ ነበር። ሰው ሁሉ ሰዓቱን በእሱ ያስተካክላል። ከዚያ የጠዋቱ ዜናና ቃለ መጠይቅ ይቀጥላል። ይህ ፕሮግራም በ1957 የተጀመረ ነው፤ ሚኒስትሮች እየቀረቡ ይጠየቁበታል፤ አንዳንዴም ላብ ላብ ይላቸዋል።

አሁን ዜናው እንዴት እንደሚነበብ ላጫውታችሁ። ብዙ የምንማርበት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ወደ ራዲዮ የሚመጡት ምሁራን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስበው የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሰብኩ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የንግግር ክፍሉን የምትመራ ሂልዳ ማቴሰን የምትባል ሴት ነበረች። እሷ ይህን አልወደደችውም። አድማጩ እቤቱ እሳት ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው ነው፤ እንደ አንድ ሰው አነጋግሩት አለች። ታዲያ «ወረቀቱን ጣሉትና ዝም ብላችሁ አውሩ» አላለችም። ጽሑፉ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ፣ ከዚያም ጨዋታ እስኪመስል ድረስ በልምምድ እንዲነበብ አደረገች። ወረቀት እያነበቡ ሰው የሚያጫውቱ መምሰል ቀላል አይደለም። እናንተም ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ታውቁታላችሁ።

ሌላም ችግር ነበር። በማን አንደበት ይነበብ? ከ1926 ጀምሮ የትኛው ቃል እንዴት ይነገር የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ነበራቸው። ታዋቂው ጸሐፊ በርናርድ ሾው እንኳ አባል ነበር። ዜና አንባቢዎቹ ሁሉ የሚናገሩት በደቡብ እንግሊዝ እንደሚኖሩ የተማሩ ሰዎች ነበር። ስማቸውንም አይናገሩም ነበር። በ1940 ግን ጀርመኖች አገሩን ይወርራሉ ተብሎ ተፈራ። ጠላት ጣቢያውን ይዞ የሐሰት ዜና ቢያስነብብስ? ስለዚህ አንባቢዎቹ ስማቸውን መናገር ጀመሩ። አድማጩ ስሙንና ድምፁን አብሮ እንዲያውቅ ነው።

በ1941 ደግሞ ዊልፍሬድ ፒክልስ የሚባል የሰሜን እንግሊዝ ሰው ዜና እንዲያነብ ተደረገ። እሱ የሚናገረው እንደ አገሩ ሰው ነው። ሲጨርስ፣ ለሰሜን ሰዎች በራሳቸው አነጋገር «ደህና እደሩ» አላቸው። ከዚህ በኋላ አቤቱታው በዛ። ዜናው በዚህ አነጋገር ሲነገር እውነት አይመስልም ያሉም ነበሩ። ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ ዜናውም ያው ዜና ነው። ብዙም ሳይቆይ ፒክልስ ዜና ማንበቡን ተወ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። እኛስ ጎጃሜው ሲናገር ሸዌው፣ ሸዌው ሲናገር ጎጃሜው የሚስቅበት ጊዜ የለም? ዛሬ በዚያ ጣቢያ የልዩ ልዩ አካባቢ አነጋገር ይሰማል። ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ረፋዱ ላይ የሴቶች ፕሮግራም ይቀርባል። የተጀመረው በ1946 ነው። ያን ጊዜ የሚቀርበው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ የቤት እመቤቷ የምሳ ዕቃ አጥባ አረፍ የምትልበት ሰዓት ነው ተብሎ። የሚያስቀው የመጀመሪያው አቅራቢ ወንድ መሆኑ ነው! በኋላ ግን ሴቶች ያዙት። በ1991 ሰዓቱ ወደ ጠዋት ሲዛወር ብዙ አድማጮች ተቃወሙ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ የአንድ የገበሬ ቤተሰብ ተከታታይ ድራማ ይመጣል። ድራማው «አርቸሮች» ይባላል። መንደራቸው አምብሪጅ ነው፤ በካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ በጽሑፍ የተፈጠረ መንደር ነውና።

ይህ ድራማ ለጨዋታ ብቻ የመጣ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ምግብ አጥሮ ነበር። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ በራሽን ነበር የሚታደለው። ዳቦ እንኳ፣ በጦርነቱ ጊዜ ራሽን ሳይገባበት፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆነ። ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ተፈለገ። ምክር በራዲዮ ይነገረዋል፤ ደረቅ ምክር ግን ማን ይሰማል? በ1948 በርሚንግሃም ከተማ ስብሰባ ተደረገ። እዚያ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በጉጉት ይከታተለው የነበረውን የጀብዱ ድራማ ጠቀሰና፣ ለእርሻም እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገናል አለ። ሰው ሳቀ ይባላል። ጎድፍሬይ ቤዝሊ የሚባለው አዘጋጅ ግን ነገሩን ያዘው። ድራማውን እንዲጽፉም የጀብዱውን ድራማ ጸሐፊዎች አመጣቸው። በ1950 ተሞከረ፤ ከጥር 1951 ጀምሮ ለመላው አገር ተላለፈ።

ዘዴው ይህ ነበር። አንዱ ገበሬ ያስባል፤ ጎረቤቱ ቸል ይላል፤ ሌላው ሌላ ነገር ይሞክራል። ጠብ አለ፣ ጋብቻ አለ። በመካከል ስለ ከብት በሽታ ወይም ስለ ዘር ሁለት ሦስት ቃል ጣል ይደረጋል። አድማጩ ሳያውቀው ይማራል። ከተሜውም የገበሬውን ድካም አወቀ። በ1955 በአንድ ክፍል ውስጥ ግሬስ የምትባል ወጣት ሙሽራ ከእሳት ፈረስ ላድን ስትል ሞተች። ያን ማታ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሰማው ይነገራል። የጣቢያው ስልክ በጥሪ ተጨናነቀ። ሰው በእውነት እንደሞተባቸው ነው ያዘኑት። ያው ማታ ደግሞ ተፎካካሪ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ የጀመረበት ማታ ነበር። አጋጣሚ ነው ለማለት ይቸግራል!

ራሽኑ በ1954 አበቃ። ገበሬን የማስተማሩ ሥራ እስከ 1972 ቆየ። ድራማው ግን ዛሬም አለ።

አሁን መሽቷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ጣቢያው ከመዘጋቱ በፊት፣ ለመርከበኞች የባሕር አየር ትንበያ ይነበባል። የዚህ መነሻው ሐዘን ነው። በ1859 ከአውስትራሊያ የመጣች አንዲት መርከብ አገሯ ልትደርስ ስትል፣ በዌልስ ጠረፍ ማዕበል ሰባበራት። 450 ያህል ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ከዚያ በኋላ በ1861 ለወደቦች በቴሌግራፍ የማዕበል ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። ቢ.ቢ.ሲ. ትንበያውን በንግግር ማሰማት የጀመረው በ1925 ነው። ጦርነቱ ሲመጣ፣ ጠላት እንዳይጠቀምበት ተቋረጠ፤ ሲያበቃ ተመለሰ።

በደሴቶቹ ዙሪያ ያለው ባሕር በ31 ክፍል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ስም አለው። አንደኛው ከ2002 ጀምሮ ፊትዝሮይ ተብሏል። ንባቡ ሁልጊዜ በሰሜን ምሥራቅ ካለው ቫይኪንግ ከሚባለው ይጀምርና በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ጽሑፉ ከ350 ቃል ያህል አይበልጥም፤ ለሌሊቱ ብቻ ጥቂት ይጨመራል። ነፋሱ ከየት ነው፣ ኃይሉ ስንት ነው፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ምን ያህል ርቀት ይታያል። በቃ። አንባቢው ረጋ ብሎ ያነባል።

ረጋ የሚለው ለምን ይመስላችኋል? ዓሣ አጥማጁ እየሰማ ስለሚጽፍ ነው። ጀልባው እየተናወጠ፣ በአንድ እጁ እርሳስ ይዞ፣ ቁጥሩን ያሰፍራል። የባሕሮቹ ስም በተራ የታተመበት ቅጽም አለ። ቅደም ተከተሉ ስለማይለወጥ፣ የእሱ ባሕር ሲደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዛሬ ትንበያውን በሌላ መሣሪያም ያገኘዋል፤ ራዲዮው ግን አልቀረም። ካለቀ በኋላ የአገሩ መዝሙር ይሰማል፤ የዕለቱም ፕሮግራም ያበቃል።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ በራዲዮ የአየር ሁኔታ ሲነገር ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የከተማውን ስምና ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። አንባቢው ቢቀድማችሁ አትናደዱ። ሦስት ከተማ ከያዛችሁ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።