ብዙ ሕዝብ በአንድ ጽሕፈት ቤት

የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ጸሐፊዎች ያንድ አገር ልጆች ሆነው እንኳ፥ አንዱን ደብዳቤ በአንድ ዐይነት ለማርቀቅ ይቸገራሉ። አንዱ ነገሩን በአጭሩ ቈርጦ ማቅረብ ሲወድ፥ ሁለተኛው ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይወዳል። እንግዲህ ቋንቋቸው፥ ልማዳቸውና መንግሥታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ አለቃ ሥር ሲሠሩ ችግሩ ምን ያህል ይሆን? ይህን ጥያቄ በሰፊው የፈተነ አንድ ጽሕፈት ቤት ነበረና፥ ታሪኩን እናስታውሳችሁ። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1919 ሲቋቋም፥ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ እንዲሆኑ የተመረጡት እንግሊዛዊው ሰር ኤሪክ ድራሞንድ ነበሩ። በፊታቸውም ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው፥ እያንዳንዱ ኀያል መንግሥት የራሱን ጸሐፊዎች ልኮ ጐን ለጐን እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ከየአገሩ የተመረጡትን ሰዎች አንድ አካል አድርጎ፥ ደመወዛቸውን ከማኅበሩ፥ ትእዛዛቸውን ከዋናው ጸሐፊ ብቻ እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። ድራሞንድ ሁለተኛውን መረጡ።

በ1920 ጽሕፈት ቤቱ ከሎንዶን ወደ ጄኔቭ ተዛወረ። ፈረንሳዊው ዣን ሞኔ ምክትል፥ ጃፓናዊው ኒቶቤ ኢናዞ ረዳት ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ በየክፍሉም የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ተደባልቀው እንዲቀመጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት የተጻፈው መመሪያ፥ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ የአገሩ ሳይሆን የማኅበሩ አገልጋይ ነው የሚል ነበረ። የሠራተኛው ቍጥር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሰባት መቶ ያህል ደረሰ። ይህ ሁሉ ሰው አመሉንና የአገሩን ልማድ ይዞ መጥቶ ሳለ፥ የቤቱ ሥርዐት ለሁሉ እኩል ስለ ነበረ ሥራው ተቃና።

ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቶ ነበር። ከፍተኛው የሹመት ወንበር ለኀያላን መንግሥታት ተከፋፍሎ ነበርና፥ ጣሊያናዊው ሲሄድ ጣሊያናዊ፥ ጃፓናዊው ሲሄድ ጃፓናዊ ይተካ ነበር። በ1927 የወጣው የጣሊያን ሕግ ደግሞ፥ እንዲህ ባለው ሥራ የሚገባ ጣሊያናዊ መንግሥቱን እንዲያስፈቅድ፥ ልቀቅ ሲባልም እንዲለቅ ያስገድድ ነበር። በ1932 ሠራተኞች የታማኝነት ቃል እንዲሰጡ ቢታዘዝም፥ ወንበሩን ከመንግሥቱ የተቀበለ ሰው ቃሉን ለሌላ መጠበቁ እንዴት ይታመናል?

የዚህ ጕድለት ዋጋ ለኢትዮጵያ ሩቅ አልነበረም። አገራችን ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበረች። በጥቅምት ወር 1935 የፋሽስት ጦር ሲወራት፥ ከሁለቱ ምክትል ዋና ጸሐፊዎች አንዱ ጣሊያናዊው ማሲሞ ፒሎቲ ነበሩ። የተበዳዩ አቤቱታ በሚታይበት ቤት፥ የበዳዩ መንግሥት ሰው በከፍተኛ ወንበር ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሰኔ 30 ቀን 1936፥ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ እያወቁ ባማርኛ ተናገሩ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ልብ በሉ፤ በራሱ ቋንቋ የተናገረው ለጋራው ሕግ ሲከራከር፥ የቤቱን ቋንቋ አሳምረው የሚያውቁት ሕጉን ጣሉት። ማኅበሩን ያፈረሰው እንግዲያስ የልማድና የቋንቋ ልዩነት አይደለም፤ ኀያላኑ በአደባባይ ቃላቸውን ማጠፋቸው፥ በውስጥም የሁለት ወገን ታማኝነት መታገሡ ነው።

በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲጻፍ ይህ ትምህርት አልተረሳም። መቶኛው አንቀጽ ሠራተኛው ከማንም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበል፥ መንግሥታትም እንዳይጫኑት ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ችሎታንና ቅንነትን አስቀድሞ፥ የአገሮችን ስብጥር ከዚያ በኋላ ያነሣል። በ1960 ክሩሽቾቭ አንዱን ዋና ጸሐፊ በሦስት ወገን ሹማምንት ለመተካት ሐሳብ ሲያቀርቡ፥ ዳግ ሐመርሾልድ አልተቀበሉም። በ1961 በኦክስፎርድ ባደረጉትም ንግግር፥ ሰው ሁሉ የራሱ ዝንባሌ ቢኖረውም፥ ሠራተኛ ግን ዝንባሌውን ዐውቆ ሥራውን እንዳያዛባበት መጠበቅ እንደሚችል አስረዱ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከ1958 ጀምሮ የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን፥ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት በመዲናችን ስለሚገኙ፥ ከናንተ መካከል ከብዙ አገር ሰዎች ጋራ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥ አይጠፋም። የበላይ ብትሆኑ፥ የሰውን ሰላምታ፥ የጾም ቀን፥ የአነጋገሩን ዝግታ ወይም ፍጥነት ታገሡለት፤ ይህ ክብሩ ነው። ወንበሩን ግን ለችሎታው እንጂ ለአገሩ ስም አትስጡ፤ ምስጢር በመጠበቅና ሕግን በማክበርም ለማንም አታዳሉ። ልማዱ የተከበረለት ሰው በደስታ ይሠራል፤ አድልዎ ያየ ሰው ግን መሸሸጊያውን ወገኑን ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ስሙ ቀርቶ ሥራው ይጠፋል።