ኤቲኤፍ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብትሉ ሻጩ እጁን የሚሰደው ወደ ዘጠና ቁጥር ነው፤ ወፍራሙ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ለማንዋል ካምቢዮና ለዲፈረንሻል የሚሆነው። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ «ወንድሜ፣ መኪናህ ማንዋል ነው አውቶማቲክ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ ካልጠየቀ፣ ገዢውም ካልተናገረ፣ ያ ወፍራም ዘይት አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ የካምቢዮ ማውረጃ ነው።

ኤቲኤፍ ለየት ያለ የአማርኛ ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጀሪካኑ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ የምታዩት ይህ ምሕጻረ ቃል፣ ቃል በቃል ሲፈታ፣ «የአውቶማቲክ ማስተላለፊያ ፈሳሽ» ይሆናል። በዚህ ስም ጋራዥ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ግን የሚረዳው አያገኝም፤ «ማስተላለፊያ» ሲባል የሚታሰበን የሬዲዮ ነው። በመካኒኩ አፍ ዕቃው ካምቢዮ ነው። «ፈሳሽ» በሚለው ላይም ብዙ አንጨነቅ፦ የፍሬኑ ፈሳሽ በጠባዩ ዘይት ሳይሆን «የፍሬን ዘይት» ብለነው ተግባብተን እየኖርን ነው። ስለዚህ «የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት» እንበለው። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን «አውቶማቲክ» የምትለው ቃል ከወደቀች ዘጠናው ይመጣል።

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ እንደዚያው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን በብዛት ተመርቶ ገበያ የወጣው በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባን ለቀቀ። መካኒኮቻችን ለዚህኛው ዘይት የወረሱት ቃል ያጡት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሥራው እንምጣ። የሞተር ዘይት ዋና ሥራው ማለስለስ ነው። ይህኛው ግን ማለስለስ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል በሌለው መኪና የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው፣ ኮንቨርተር በሚባለው ክብ ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከረው ይኸው ዘይት ነው። ማርሽ የሚቀይረውም የእሱ ግፊት ነው፦ ካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩትን ስስ የፍሪሲዮን ሸራዎች ይጫናል፣ መልሶ ይለቃል። በዚያ ላይ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያወጣል። ሸራዎቹ ሲገናኙ ለቅጽበት መንሸራተት አለባቸው፤ ያለበለዚያ መኪናው በየማርሹ ይነጥራል። ወዲያው ደግሞ ጨብጠው መያዝ አለባቸው፤ ካልያዙ ይቃጠላሉ። ይህን ልክ የሚወስነው ዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው፤ አምራቾችም ቅመሙን የሚያዘጋጁት ለየራሳቸው ሸራ ነው። (እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከቅመሞቹ አንዱ የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። አሜሪካ እንስሳውን ከጥፋት ለማዳን ስትከለክለው ኩባንያዎቹ ምትክ ፍለጋ ተሯሯጡ።)

ስትገዙ ቀይ መሆኑ አያታልላችሁ። ቀለሙ የሚጨመረው ዘይቱ ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ነው። ዴክስሮን 3 ቀይ ነው፣ የቶዮታ ቲ-ፎር ቀይ ነው፣ ደብሊውኤስም ቀይ ነው። ከተማውን የሞላውን ኮሮላ እንውሰድ፦ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 የተሠራው አውቶማቲክ ቲ-ፎር ይወስዳል፤ ቀጥሎ የመጣው ሞዴል ደግሞ ደብሊውኤስ። ሁለተኛው ይቀጥናል፤ ቶዮታም ሁለቱ አይተካኩም ይላል። የመኪናችሁን ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። በብዙ ቶዮታዎች የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ የዘይቱ ዓይነት ተቀርጿል። በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡት፤ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ አሳዩት።

ቪትዝ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው መሪያቸው ዞሮ ከመጡት ውስጥ ሲቪቲ ያላቸው አሉ። ሲቪቲ በየተራ የሚገቡ ማርሾች የሉትም፤ የሚሠራው በብረት ቀበቶ ስለሆነ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ ተራ ኤቲኤፍ ያበላሸዋል። «ለሁሉም መኪና» የሚለውን ጀሪካን እኔ የምገዛው የመኪናዬ ዘይት ስም በጀርባው ዝርዝር ላይ ካለ ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን መኪና ማኖር ግድ ሆኗል። ሆኖም ብዙ ሰው «የአሮጌ ካምቢዮ ዘይት አይነካም፤ ከተነካ ይሞታል» የሚለውን ምክር ይዞ ይቀመጣል። ምክሩ ከግማሽ በላይ ስህተት ነው። ባለመኪናው ዘይት መቀየር ትዝ የሚለው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያለቀ ሸራ በአዲስ ዘይት አይድንም፣ ጥፋቱ ግን ለአዲሱ ዘይት ይሰጣል። እውነት ያለው በማሽን ግፊት አጥቦ ማውጣት ላይ ነው፤ ለዓመታት የተኛውን ቆሻሻ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይሻላል። የማፍሰሻው ቡሎን ሲፈታ የሚወርደው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው 7 ሊትር ይይዛል፣ 3 ሊትር ይፈስሳል ብንል፣ በመጀመሪያው ቅያሪ አዲሱ ዘይት 43 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በሁለተኛው 67፣ በሦስተኛው 81። በመሐል ለጥቂት ሳምንታት መንዳት ነው። የፈሰሰውን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ለኩ፤ የወጣውን ያህል መልሱ፣ በግምት አይሁን። ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ከወረደ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ማግኔቶች እዩ፦ ግራጫ ጭቃ የሚመስል ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት ካምቢዮ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑም በዚያው ይቀየሩ።

የዘይቱ ልክ የሚታየው በቶዮታ ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይጠፋ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሆንዳ ላይ ሞተሩ ይጠፋና ወዲያው ይለካል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀሪካኑ ሲያልቅ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ከነክዳኑና ከነጽሑፉ ዞሮ ገበያ ሊገባና ሌላ ነገር ሊሞላበት ይችላል። ስትገዙ የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት አለመነካቱን እዩ። ባዶውን ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት በሚስማር ብሱት።